የድንክዬ ደም

በመናኸሪያው መጠበቂያ ክፍል ሰውዬው አጠገቧ ሲቀመጥ ቀና ብላ አላየችውም። ፔርሙዟን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«አውቶቡሱ በድልድዩ በኩል ነው የሚያልፈው?»

«ድልድዩ ከተሰበረ ቆየ።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። «አጎት» ይሉታል፤ ለስለላው የመለመላት፣ «ሚዛን» ብሎ የሽፋን ስም ያወጣላት አለቃዋ። በግ አርቢው ኩባንያ ውስጥ ግልገል መዛኝ ሆና እንድትገባ ያደረጋትም እሱ ነው።

ኩባንያው «ቶሎ የሚያድግ በግ ፈጠርኩ» ይላል። ውሸቱን ነው! «በሽታ ገብቷል» ብሎ ከየመንደሩ የነጠቃቸው በጎች ዘር ነው። ፍርድ ቤት ካመነው፣ መንደርተኛው የገዛ በጉን ከሌባው ሊገዛ ነው። ይህን የሚያፈርስ አንድ ማስረጃ ብቻ አለ፤ ከመንደር የመጣው፣ ቶሎ የሚያድጉት ግልገሎች ሁሉ አባት የሆነው አውራ በግ ደም።

«አመጣሽው?»

«አምጥቻለሁ።»

«ጎበዝ! ሽማግሌው አላስቸገረሽም?»

ክው አለች።

ስለ ሽማግሌው ለማንም ተንፍሳ አታውቅም። በግ ጠባቂው አባባ ደሙን ሲቀዱላት ያየ ቢኖር የበረቱ ካሜራ ነው። ካሜራው ደግሞ የኩባንያው ነው።

በሩ ላይ ሁለት ጎረምሶች ጋዜጣ ይዘው ቆመዋል። አንዳቸውም ገጽ አይገልጡም።

ተሸጣለች።

«የትኛው ሽማግሌ? እዚያ ግቢ ሽማግሌ መች ጠፍቶ!» ብላ ሳቀች። ፔርሙዙንም ከፈተች።

በረዶው ውስጥ ሁለት ብልቃጦች አሉ። አንዱ ላይ «ንጉሥ»፣ ሌላው ላይ «ድንክዬ» ተጽፏል። የመጀመሪያውን አነሳች።

«ይኸው። ከበረቱ ትልቁ አውራ ነው።»

«ያኛውስ?»

«የድንክ በግ ደም ነው። ለማነጻጸሪያ ብዬ ነው እንጂ... ከፈለጉ ይውሰዱት።» ዘረጋችለት።

አጎት ፈገግ አለ። «ድንክ ምን ያደርግልኛል? ጣይው።»

«ንጉሥን» ኪሱ ከቶ ሄደ። ጎረምሶቹም ተከትለውት ወጡ።

«ድንክዬ» የሚለው ስም የአባባ ቀልድ ነበር። በመንደራቸው ሲወለድ ከመዳፋቸው የማይበልጥ ስለነበር እንዲህ አሉት። ዓመት ሳይሞላው እናቱን በቁመት አለፋት፤ ስሙ ግን በዚያው ቀረ። «ልጄ፣ ንጉሥን እንዲህ ያሳበጠው ጡጦ ነው» ብለዋት ነበር። «የእሱን ግልገሎች መዝኚያቸው፤ እንደ ሌላው በግ ናቸው። የድንክዬ ልጆች ግን ድርቆሽ በልተውም ሚዛንሽን ይሰብሩታል። በደማቸው ነው።» መዘነቻቸው። እውነታቸውን ነበር።

የመንደሮቹ ጠበቃ ወዳለበት ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ወጣች። ገና መንገድ ሳይጀምር ስልኳ ጠራ። «አባባ» ይላል።

ስልኩን የሰጣት አጎት ነው። ንግግሯን ሁሉ ይሰማል። «ይሽሹ!» ካለች መንቃቷን ያውቃል፤ አውቶቡሱን አስቁሞ ብልቃጧን ይወስዳል። ዝም ካለች የኩባንያው ሰዎች ሽማግሌውን ይወስዷቸዋል።

ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። እንደገና ጠራ። በደህና መድረሷን ሊጠይቁ ይሆናል፤ ሁልጊዜ እንደዚያው ናቸው። ከንፈሯን ነክሳ ሲጠራ አየችው።

አላነሳችም።

ብልቃጧ ደረሰች። ምርመራው እውነቱን አወጣ፤ ኩባንያው ተረታ። ግን ምን ያደርጋል! ፍርዱ ሳይሰጥ የበረቱን በግ ሁሉ አርደው ጨርሰውት ነበር፤ ድንክዬንም፣ ልጆቹንም። መንደርተኛው የፍርድ ወረቀት ታቅፎ ባዶ በረቱን ያያል። አባባን ግን ስልኩ በጠራበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ከበረቱ ይዘዋቸው ሄደው ነበር። ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም።

እሷ አሁን በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ታጥፋለች። በምሳ ሰዓት በቤቱ ስልክ አንድ ቁጥር ትሞክራለች።

«ዛሬም አያነሱም እንዴ?» አለቻት ባልደረባዋ።

«ሥራ ይበዛባቸዋል» አለችና አንሶላውን ማጠፍ ቀጠለች።