ያጠረው የጥርስ ሥር

የጥርስ ሐኪሙ በክሊኒኩ ደረጃ ላይ ወድቆ፣ ጭንቅላቱ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ፣ ፊቱ ወደ ጣሪያ እንደሆነ ሞቶ ተገኘ። መሬት መሬት እያየ ስለሚሄድ «ጎንበስ» የሚሉት መርማሪ ሬሳውን አይቶ ወደ ላይ ወጣ። የራጅ ማያው መብራት እንደበራ ነው፤ የጥርስ ፊልም ተሰክቶበታል።

«ይሄ ምንድን ነው?» ሲል የሟቹን ባልደረባ ሐኪም ጠየቀው።

«የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ያመጣው ጉዳት። ሽቦው ጥርሱን ሲገፋ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ሥሩን ይበላዋል። አዩት? የፊት ጥርሶቹ ሥር ተቀርጾ እንዳለቀ እርሳስ አጥሯል። በጊዜ ከታየና ሽቦው ከወለቀ መበላቱ ይቆማል። በዘርም ይተላለፋል።»

«የማን ነው?»

«ስም የለውም። ግን የአዋቂ ነው፤ የመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶች በቅለዋል።»

የሟቹ ሚስት እንግዳ መቀበያው ውስጥ ታለቅሳለች። «ሰሞኑን እንቅልፍ አልነበረውም። ‹በእጄ ያበላሸሁት ነገር አለ› ይል ነበር። እኔም አኩርፌ አልጠየቅሁትም» አለች።

የክሊኒኩ ነርስ ዓይኗ ቀልቷል። ጥርሷ ላይ ሽቦ ያሰረች ታናሽ እህቷ አጠገቧ ተቀምጣለች።

«ጥርሴን በልጅነቴ ያቀኑልኝም፣ የቀጠሩኝም እሳቸው ናቸው» አለች ነርሷ። «ትናንት ቀድሜያቸው ወጣሁ።»

ጎንበስ «ሳትበሉ ዋላችሁ» ብሎ ዳቦ አስመጣ። ባልደረባው ገመጠ። ነርሷ ግን በጣቷ ትንሽ ትንሽ እየቆረሰች ወደ ጎን መንጋጋዋ ታስገባ ነበር።

ከዚያ ሁሉንም ሰበሰባቸው።

«ሐኪም ወደ ቤቱ ሲሄድ መብራት ያጠፋል። ያልጠፋው ፊልሙን ለሰው ሲያሳይ ስለነበረ ነው። እንደዚያ በጀርባው የወደቀውም ደረጃው ላይ ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ ቆሞ ስለነበር ነው፤ ከፊቱ ሰው ነበረ። እዚህ ቤት በልጅነቷ ሽቦ ያሰረች፣ አሁን ዳቦ መግመጥ የምትፈራ አዋቂ አንዲት ብቻ ናት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚነቃነቀው?»

ነርሷ አልካደችም።

«ቆይቷል። የድድ በሽታ መስሎኝ ነበር። ትናንት ራጁን አሳዩኝና ‹በእኔ ሽቦ ነው፤ በጊዜ አላየሁልሽም› አሉኝ። ወዲያው ሽቦ ያሰረችው እህቴ ትዝ አለችኝ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እዚህ ያመጣኋትም እኔ። ወደሷ ልሮጥ ስል ቀድመውኝ ደረጃው ላይ ቆሙ። ‹ቆይ፣ አልጨረስኩም› አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ቀራቸው? ገፋኋቸው። እንዲያሳልፉኝ እንጂ እንዲሞቱ አልነበረም።»

ጎንበስ ብዙ ገዳይ ይዟል፤ እንዲህ አንጀቱን የበላው ግን አልነበረም። ወደ ታናሽየዋ ዞረ።

«አንቺስ ትናንት እዚህ ነበርሽ?»

«ቀን ላይ ራጅ አነሱኝ። ‹ያንቺ ገና ነው፣ በጊዜ ደርሰንበታል፤ ነገ ጠዋት ሽቦውን አወልቅልሻለሁ› አሉኝ።»

ነርሷ ወንበሩን ተደግፋ ተነሳች። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«‹ራሴ ልንገራት› አሉኛ» አለች ልጅቷ እያለቀሰች። «‹መጀመሪያ ግን ይቅርታ የምጠይቃት ነገር አለ› አሉኝ።»