የድንቢጧ ሰዓት

ኢንጂነሩ ከቢሮው ጀርባ ባለች ጠባብ ግቢ ውስጥ በፊቱ ተደፍቶ ተገኘ። የወደቀው ከአራተኛ ፎቅ ነው። የበረንዳው የብረት አጥር ከጎኑ ተጋድሟል፤ አንድም ቦታ አልተሰበረም።

መርማሪዋ አስከሬኑን አይታ ስታበቃ ቀና ብላ በረንዳውን አየች፤ ከዚያም ደረጃውን ወጣች። ባልደረቦቿ «ዝምታ» ይሏታል፤ አንድ ጠይቃ ብዙ ስለምትሰማ ነው። በረንዳው ጫፍ ላይ በርከክ አለች። አጥሩን የያዙት ዳዶዎች በመፍቻ ተፈትተው ተወስደዋል። ዙሪያው ያለው ቀለም ገና አሁን የተፋቀ ነው። አጥሩ ያለ ማሰሪያ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ የሚደገፈውን ሰው ሲጠብቅ ቆይቷል ማለት ነው። ወለሉን በጣቷ ነካችው። አቧራ ነው። የኢንጂነሩ ጫማ አቧራው ላይ ቁልጭ ብሎ ታትሟል።

ጣቢያ ስትመለስ አንድ ሐኪም ይጠብቃት ነበር። ኢንጂነሩ የምርመራ ውጤቱን በስልክ ለመስማት ከእሱ ጋር ቀጠሮ ነበረው።

«ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወልኩለት» አላት ሐኪሙ። «ገና ሰላምታ ላይ እያለን ጩኸት ሰማሁ፤ ስልኩም ተቋረጠ። ደጋግሜ ብደውል የሚያነሳ የለም።»

«ይህን ለማን ነገሩ?»

«ለማንም።»

«እኔ እስክፈቅድ ድረስ ለማንም እንዳይነግሩ።»

በማግሥቱ ቢሮው ውስጥ የሚሠሩትን ሦስት ሰዎች ለየብቻ አነጋገረች። መጀመሪያ የገባው የኮምፒውተር ባለሙያው ነው። ዕድሜው ገና ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ሰሞኑን ከኢንጂነሩ ጋር የተጣላ ሰው አለ?»

«ሁላችንም በሶፍትዌር ተጣልተናል» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ኢሜይላችንም የጋራ ቀን መቁጠሪያችንም በሌላ ኩባንያ እጅ ነበር። ኢንጂነሩ ‹በራሳችን ሰርቨር ላይ ይሁን፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፈልግልኝ› አሉኝ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ሁለት ቀሩ፤ ሁለቱንም ስንሞክር ሰነበትን። እኔ የመረጥኩት ብዙ ይሠራል፣ ግን ከባድ ነው። ዝሆን አልነው። እትዬ የወደዱት ደግሞ ቀላል ነው፤ ስልካቸው ላይ ፈጥኖ ይከፈታል። እሱን ድንቢጥ አልነው።»

እትዬ የሚላት የኢንጂነሩን ታናሽ እህት ነው፤ ቢሮውን የምታስተዳድረው እሷ ናት።

«ማን አሸነፈ?»

«ዝሆን። ትናንት ጠዋት ስብሰባ ላይ ተወሰነ። ከሰዓት ነዳፊው ጋሼና እኔ ምድር ቤት ወርደን ሰርቨሩን ስንተክል ዋልን። የመጀመሪያው ኢሜይል ሲሄድ ላሳያቸው ብዬ ወጣሁ፤ ሳጣቸው በረንዳውን አየሁ። አጥሩ የለም።»

«ኢንጂነሩ ሲሞት ምድር ቤት ነበርክ ማለት ነው?»

«መቼ ነው የሞቱት?» አለ። ዝምታ አልመለሰችለትም።

ቀጥሎ የሕንፃ ነዳፊው ገባ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ከሟቹ ጋር ከወጣትነቱ ጀምሮ ግንባታ ለግንባታ የዞረ ሰው ነው። እሱም ሰዓቱን ጠየቀ፤ እሱም መልስ አላገኘም።

«በረንዳው ላይ ይወጣሉ?»

«ምሳዬን ሁሌም እዚያ ነው የምበላው። ኢንጂነሩም የግል ስልክ የሚያወራው እዚያው ነው። ትናንትም አጥሩን ተደግፌ በላሁ። እንደ ድንጋይ ነበር፣ ንቅንቅ አላለም።»

«ከምሳ በኋላስ?»

«አልወጣሁም። እህቱ ጉዳይ አለኝ ብላ ስትወጣ፣ ‹ወለሉን አጥቤዋለሁ፤ እስከ አሥር ሰዓት ማናችሁም እንዳትረግጡብኝ› ብላን ነበር።»

«የጠዋቱ ስብሰባ እንዴት ተበተነ?»

«እህቱ ስለ ድንቢጧ ስትሟገት ኢንጂነሩ ጮኸባት። ‹አንቺም እንደ ልጅሽ የማታውቂውን እየፈታታሽ ቢሮዬን እንዳትንጂብኝ› አላት። በሰው ፊት። ከዚያ ማን ይናገራል?»

እህትየው ጥቁር ለብሳ ገባች። መርማሪዋ የእህትየው ጠረጴዛ ላይ የራስ ቁር ያጠለቀ ወጣት ፎቶግራፍ አይታ ነበር።

«ልጅዎ ነው?»

«ልጄ ነበር። ወንድም ጋሼ የሚያሠራው ሕንፃ ላይ የግንበኞቹ መወጣጫ ተደርምሶበት ሞተ። ስለ እኔ ከሆነ የመጣሽው፣ አሥር ሰዓት ላይ ልብስ ሰፊዋ ጋ ነበርኩ። ሂጂና ጠይቂያት።»

ዝምታ ሄዳ ጠየቀች። እውነት ነው፤ እዚያ ነበረች። የሚሰፋ ልብስ ግን አልያዘችም። ሰፊዋ እየሳቀች፣ «አሥር ሰዓት ሞላ ወይ? እያለች ስታደርቀኝ ነበር፤ የግድግዳዬን ሰዓት አላመነችም መሰለኝ» አለቻት።

መርማሪዋ ወደ ቢሮው ተመልሳ የኮምፒውተር ባለሙያውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። መልሱን ስትሰማ ሦስቱንም በስብሰባው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ከአጥሩ እንጀምር» አለች። «ምሳ ሰዓት ላይ ጽኑ ነበር፤ ጋሼ ተደግፈውታል። ስለዚህ የተፈታው ከምሳ በኋላ ነው። የፈታው ሰው ደግሞ ማን እንደሚደገፈው ማወቅ ነበረበት። ያን ማወቅ አልከበደውም፤ ኢንጂነሩ የግል ስልክ የሚያወራው እዚያ ነው፤ የሐኪሙም ቀጠሮ የጋራው ቀን መቁጠሪያ ላይ ለሁላችሁም ይታያል።»

«ታዲያ ሁላችንም እናውቃለና!» አለ ነዳፊው።

«ሁላችሁም። ግን አጥሩን የፈታው ሰው ከኢንጂነሩ በቀር ማንም እንዲሞት አልፈለገም። እናንተን አስጠነቀቀ።»

ሁለቱ ወንዶች እኩል ወደ እህትየው ዞሩ።

«ወለሉ እርጥብ ነበራ!» አለች።

«ወለሉ ላይ ውሃ አልፈሰሰም፤ የወንድምዎ ጫማ አቧራው ላይ ታትሟል። ደግሞስ ለምን እስከ አሥር ሰዓት? የታጠበ ወለል ሲደርቅ ይደርቃል፣ ቀጠሮ የለውም።» ወደ ወጣቱ ዞረች። «ቅድም የነገርከኝን ድገመው።»

«የሐኪሙ ቀጠሮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር» አለ ወጣቱ በቀስታ። «ኢንጂነሩ ለሙከራው ብለው በሁለቱም ላይ አስገብተውታል። ግን ድንቢጧን የስብሰባው ዋዜማ ሳድሳት ሰዓቷ ተዛባ፤ ዘጠኝን አሥር ብላ ታሳያለች። ጠዋት ልነግራችሁ ስል ኢንጂነሩ ተቆጡ፤ ስብሰባው ተበተነ። የሁላችንንም ስልክ ወደ ዝሆን አዛወርኩ። እትዬ ብቻ ‹የኔን አትንካ› አሉኝ።»

እህትየው ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች።

«እነዚህ ሁለቱ ስጠይቃቸው ‹መቼ ሞተ?› አሉኝ» አለች ዝምታ። «አያውቁም። እርስዎ ግን ሳልጠይቅዎ ለአሥር ሰዓት ምስክር አቀረቡልኝ። ወንድምዎ በዘጠኝ ሰዓት ነው የሞተው። አሥርን የሚያሳየው አንድ ስልክ ብቻ ነው፤ እሱም የእርስዎ ቦርሳ ውስጥ ነው።»

እህትየው ለመካድ አልሞከረችም። ትከሻዋ ላይ የነበረ ሸክም የወረደላት ይመስል ወንበሩ ላይ ተመቻቸች።

«ልጄ በሞተበት ጠዋት ደውሎልኛል» አለች። «‹እማ፣ አጎቴ የመወጣጫውን ማሰሪያ ፍቱ አለን፤ ለሌላ ሕንፃ ይፈልገዋል። እኔ ግን ፈርቻለሁ› አለኝ። ‹አጎትህ ያውቃል፣ የሚልህን አድርግ› አልኩት። እኔ እናቱ! ከዚያ አጣሪዎቹ ሲመጡ ወንድሜ ምን አለ? ‹ልጁ በራሱ ፈቃድ ፈታው።› ስሙን አጥፍቶ ቀበረልኝ። የእኔን ቃል ደግሞ የእናት ለቅሶ ነው ብለው ናቁት።»

«ለምን አብረውት ሠሩ ታዲያ?»

«አንድ ቀን ሁለታችን ብቻ ስንሆን እንኳ ‹እኔ ነኝ ያስፈታሁት› ይለኛል ብዬ ነው። ሌላ ምንም አልጠየቅኩትም። ይኸን ሁሉ ዓመት ፊቱን እያየሁ ጠበቅኩ። እሱ ግን በኢሜይል ክርክር መሃል የልጄን ሬሳ አንስቶ ወረወረብኝ። ‹ልጁ ፈታው› ይል አልነበር? እኔም ፈታሁለት።»

«ምንም አይቆጭዎትም?»

«ይቆጨኛል። የማን እጅ እንደሆነ ሳያውቅ መሞቱ።»

ነዳፊው በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ዞር ብላ አየችው። «አንተም ያኔ እዚያ ነበርክ» አለችው። እጇን ለፖሊሶቹ ዘረጋች።

ፍርድ ቤቱ ረጅም እስራት ፈረደባት፤ ይግባኝም አልጠየቀችም። ነዳፊው ግን እንቅልፍ አጣ። ሳይጠራ ጣቢያ ሄዶ፣ ያን ጊዜ ትእዛዙን በጆሮው እንደሰማና እንጀራዬን አጣለሁ ብሎ ዝም እንዳለ ተናገረ። የልጁ ጉዳይ እንደገና ታየ።

ውሳኔው ሲወጣ ዝምታ ራሷ ወደ እስር ቤቱ ይዛው ሄደች። እህትየው ከሽቦው ወዲያ ቁጭ አለች፤ ከስታለች፤ ዓይኗ ግን ያው ነው።

«ልጅዎ ነፃ ወጥቷል። ጥፋተኛው አጎቱ ነው ተብሏል።»

«እንዲሁ በአፍ ነው ወይስ የወንድሜ ስም ተጽፏል?»

«ስሙ ተጽፏል።»

«አንብቢልኝ።»

መርማሪዋ ወረቀቱን ዘርግታ ከነሙሉ ስሙ አነበበችላት፦ ማሰሪያው እንዲፈታ ያዘዘው እሱ ነው፤ ወጣቱ የታዘዘውን ፈጸመ እንጂ በራሱ ፈቃድ ያደረገው ነገር የለም።

እህትየው ግንባሯን ሽቦው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ድገሚልኝ» አለች። «‹ያዘዘው እሱ ነው› ያልሽውን።»