ከትራሴ በላይ ያለው ቀዳዳ

ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ የነካሁት ጎማ ሁሉ ፊቴ ላይ ይፈንዳ!

እንዲህ የምምለው ሰው ስላስመረረኝ ነው። ለማን ነግሬ ማን አመነኝ? ጉረኛ ነው ይሉኛል። እሺ፣ ጉረኛ ነኝ። ይሄ ግን የሆነ ነገር ነው።

የሆነው ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነው። በገዛ መኝታ ቤቴ። ፀሐይ በመስኮት ገብታለች፣ ልጆች ውጭ ኳስ ይራገጣሉ።

ጨለማ የለ። ነፋስ የለ።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። የከባድ መኪና ጎማ በአንድ እጄ አንስቼ በሌላው ሻይ የምጠጣ ሰው ነበርኩ። ጎማ የቱ ጋ እንደተበሳ መንገድ ማዶ ቆሜ በጆሮዬ አውቃለሁ።

ከዚያ ሳንባዬ ታመመና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባሁ። አርባ ሐኪም ነው የከበበኝ! እሺ፣ አርባ ባይሞሉም ክፍሉ ጠቦ ነበር። ሞት ራሱ መጥቶ አየኝና «ይሄስ ይከብደኛል» ብሎ ተመለሰ። አንገቴን በስተው በቱቦ አስተነፈሱኝ። ቀዳዳው እስካሁን አልተደፈነም፤ ፋሻ ተለጥፎበታል።

እዚያ ክፍል ታዲያ ጎረቤት ነበረኝ።

ከመጋረጃው ወዲያ። ፊቱን አላየሁትም። ትንፋሹን ነው የማውቀው።

ፍስስስ... ፍስስስ...

እኔን ማን ያታልለኛል? ሰውየው እንደ ተበሳ ጎማ አየር ያፈሳል! ያ ሁሉ የተማረ ሰው አጠገቡ እየተመላለሰ አንዱም አልሰማም።

አንድ ቀን በሹክሹክታ ጠራኝ።

«አየሬ እያለቀ ነው...»

«አይዞህ» አልኩት።

«ድፈንልኝ...»

«እደፍንልሃለሁ። እጄን ይፍቱኝ እንጂ፣ እደፍንልሃለሁ።»

ቱቦውን እንዳልነቅል እጄን አስረውት ነበር። የተፈታሁ ቀን ዞር ብዬ ባይ... መጋረጃው የለም። ጎረቤቴም የለም።

«የት ወሰዳችሁት?» አልኩት ነርሱን፣ ድምፅ ሲመለስልኝ።

«ማንን?» አለኝና እንደ ሕፃን ራሴን ዳበሰኝ። እኔን! በዚህ ዕድሜዬ!

ቤቴ ስገባ አበቃ ብዬ ነበር። አላበቃም። ገና አልጋዬ ላይ እንደተጋደምኩ...

ፍስስስ...

ከትራሴ ከፍ ብሎ። ከግድግዳው ውስጥ።

«ትሰሚያለሽ?» አልኳት ሚስቴን።

«ምኑን?»

«ዝም በይና ስሚ!»

«ዝም ብያለሁ እኮ። የምትጮኸው አንተ ነህ።»

አልጋው ላይ መተኛት አቃተኝ። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አነጋለሁ፤ እሷም አብራኝ ቁጭ። መኪና ማንሻውን ክሪክ እንኳ መያዝ አልችል። የጎማ ሱቄን የያዘው የሚስቴ ወንድም ነው። እሱ የነፋው ጎማ ከሱቁ ሳይርቅ ይተኛል፤ እኔ ግን እንቅልፍ የለኝም!

ሆስፒታሉ ከዚያ ክፍል ወጥተን ቤት የገባነውን የምትከታተል የምክር ባለሙያ አለችው። ሄድን።

«ጋሼ፣ ከዚያ የወጣ ብዙ ሰው ያልነበረ ነገር እንደነበረ ሆኖ ይታወሰዋል» አለችኝ። «መድኃኒቱ፣ ሕመሙ፣ እንቅልፍ ማጣቱ... ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ይሻላል። አብሮዎት የነበረ ሰው የሆነውን ቁጭ ብሎ ቢነግርዎት ጥሩ ነው።»

«የነበርኩት እኔ! የሚነግረኝ ሌላ ሰው?»

ሚስቴ ወለሉን አየች።

አይዞህ። ያልፋል። እረፍ። እነዚህን ቃላት የፈጠራቸውን ሰው ባገኘው በመፍቻ ነበር የምለው።

እንግዲህ ያ ነገር የሆነ ቀን ሚስቴ ልብሷን በሻንጣ ከታ በር ሥር አቆመችው።

«ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ» አለች። «ስመለስ አልጋው ላይ ተኝተህ ካላገኘሁህ እህቴ ጋ ነው የምሄደው። እኔም ሰው ነኝ። ደከመኝ።»

ወጣች።

መፍትሔው አንድ ብቻ ነበር። ሳትመለስ ቀዳዳውን አግኝቶ መድፈን።

ሳፋ አመጣሁ። ሳሙና በጠበጥኩ። ሥራችን ይሄ ነው፤ የሳሙና አረፋ ትቀባለህ፣ አረፋው የተነፋበት ቦታ እዚያ ቀዳዳ አለ። ግድግዳውን በብሩሽ ከላይ እስከ ታች ለቀለቅሁትና ጠበቅሁ።

ምንም።

ምንም...

ከዚያ ከትራሴ ከፍ ብሎ አንዲት አረፋ።

ተነፋች... ሟሸሸች... ተነፋች... ሟሸሸች...

ስንት ዓመት ጎማ ስጠግን እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ጎማ ያስወጣል እንጂ አያስገባም።

«መጣህ?» አለኝ ግድግዳው።

ጠጉሬ ቆመ። ራሰ በራ ነኝ፤ ቢሆንም ቆመ።

«ቃል ገብተህልኝ ነበር...»

ቃል ደግሞ ቃል ነው። አውራ ጣቴን ቀዳዳው ላይ አድርጌ ተጫንኩ።

ድምፁ ቆመ።

ጸጥ አለ። ስንት ሳምንት የናፈቀኝ ጸጥታ! ፈገግ አልኩ። እፎይ ልል አየር ስስብ...

አየር የለም።

ደረቴ ይታገላል፣ ዓይኔ ይጨልማል። ጣቴን ላነሳ ብል አልነሳ አለኝ። ከወዲያ በኩል አንድ ነገር ይዞታል... ወደ ውስጥ እየሳበው ነው...

አንድ እጅ አንጓዬን ጨምድዶ ጎተተኝ።

ሚስቴ ነበረች።

ወለሉ ላይ ተዘርሬ አየር እየጎረስኩ ሁሉንም ነገርኳት። መጋረጃውን፣ ጎረቤቴን፣ ቃሌን፣ አረፋዋን። አልጮኸችም። እሷ ሳትጮህ ስትቀር ነው የምፈራው።

«መጋረጃ አልነበረም» አለች ቀስ ብላ።

«ምን?»

«ጎረቤትም አልነበረህም። ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ ነው የነበረው፣ ያንተ። አጠገብህ ወንበር ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ያ ሰውዬ...»

«‹አየሬ እያለቀ ነው› ያልከው አንተ ነህ። ድምፅ አልነበረህም፤ ከከንፈርህ ላይ ነው ያየሁት። ‹ድፈንልኝ› አልከኝ። ‹አይዞህ፣ እደፍንልሃለሁ› ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«አረፋውስ? ግድግዳውን እይው እንጂ!»

«ራስህን እይ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ደረቴ በሳሙና ርሷል። የአንገቴ ፋሻ ተልጦ ተንጠልጥሏል።

«ጣትህን ያላቀቅኩት ከአንገትህ ላይ ነው» አለች።

በፎጣ ጠረገችኝ። ሄዳ ሻንጣዋን ከበሩ ሥር አመጣችና አልጋው ሥር ገፋችው። ከዚያ በግድግዳው በኩል ተጋደመች፤ መዳፏን ከትራሴ ከፍ አድርጋ ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

«ና ተኛ። ደረቅ ነው፣ እየው። ማንም የለም።»

ይህን ስትል የምታየው እኔን ነው።

እኔ የማየው እጇን ነው።

መዳፏ ቀስ ብሎ ከግድግዳው ተገፋ... ቀስ ብሎ ተመለሰ።