ዘጠነኛው አንቀጽ

ወረርሽኙ ወደ ከተማው በገባ በአራተኛው ወር፣ ወሩ በባተ በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በሽተኛ የሚያስታምሙ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር በእህል ሚዛን ቤት ፎቅ ላይ ተሰበሰበ። ከታች ያለው ገበያ ተዘግቶ ነበር፤ ሚዛኖቹ በጆንያ ተሸፍነዋል፤ በመንገዱም ከወታደር ጫማ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ማኅበሩ ሲመሠረት ሠላሳ አንድ አባላት ነበሩት፤ በዚያ ቀን በሕይወት ቆይተው፣ ደፍረውም የመጡት ስምንት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ትንፋሽ እንዳይጋሩ በየመስኮቱ ሥር ተራርቀው ተቀመጡ።

የተሰበሰቡት የመተዳደሪያ ደንባቸውን ለማሻሻል ነበር። አገረ ገዥው በዋዜማው ትእዛዝ አውጥተዋል፤ ማኅበሩ የሚያስታምማቸውን ሰዎች ቤት የያዘውን መዝገብ በየሳምንቱ ለጤና ሹሙ እንዲያስረክብ የደንቡ ዘጠነኛ አንቀጽ ይታረም፤ እምቢ ካለ ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋ። መዝገቡ ሹሙ እጅ ከገባ ምን እንደሚከተል ሁሉም ያውቁ ነበር፤ በሽተኛው በጋሪ ተጭኖ ከወንዙ ማዶ ወዳለው መጠለያ ይወሰዳል፤ ከዚያ የተመለሰ ሰው እስከዚያ ቀን አልታየም።

የማኅበሩ ጸሐፊ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ በሰው ፊት ሲናገር የሚያልበው። ታናሽ እህቱ ከዓርብ ጀምሮ በቤቱ የወረቀት ማስቀመጫ ክፍል በትኩሳት ትነድ ነበር። በደንቡ መሠረት በቤቱ በሽተኛ ያለበት አባል ይህንኑ አስታውቆ ለአርባ ቀን ከስብሰባ መራቅ አለበት፤ እርሱ ግን አላስታወቀም፤ በመዝገቡም አልጻፋትም። እነሆ ከሁሉ ርቆ ጥግ ላይ ተቀምጦ አፉን በመሐረብ ይዟል።

ሰብሳቢው በጡረታ ያሉ አዛውንት ዳኛ ነበሩ። በማኅበሩ ልማድ ድምፅ የሚሰጠው በእግር ነውና፣ «ልጆቼ፣ የምትደግፉ ወደ ግምጃ ቤቱ በር፣ የምትቃወሙ ወደ ደረጃው ቁሙ» አሉ።

አዋላጇ ከሁለት ሰዎች ጋር ወደ ግምጃ ቤቱ በር ሄዱ። «ከተዘጋን ለእነዚያ ሁሉ ውኃ የሚያደርስላቸው ማን ነው?» አሉ።

ግንበኛው ደግሞ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ወደ ደረጃው ሄደ። «እኔ የሰው ቤት እሠራለሁ እንጂ አላስፈርስም!»

ሦስት ለሦስት ሆኑ፤ ሰብሳቢው ድምፅ አይሰጡም፤ የቀረው ጸሐፊው ብቻ ነው። ተነሣ፤ በክፍሉ መካከልም ቆመ። ወደ በሩ ቢሄድ እህቱን በገዛ እጁ ጽፎ ሊሰጣት ነው፤ ወደ ደረጃው ቢሄድ ማኅበሩ ይዘጋና በየጓዳው የተኙት በጥም ያልቃሉ።

«ጸሐፊያችን፣ መንገድ ጠፋህ እንዴ?» አለ ግንበኛው። «ያለው ሁለት ጥግ ነው፤ ሦስተኛ ካስፈለገህ ልገንባልህ፤ ድንጋዩን ግን አንተ ትሸከማለህ!»

አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሁሉም ትንፋሻቸውን ዋጡ።

«እናቴን! አቧራ ነው» አለ ያሳለው ሰው።

ግንበኛው ዓይኑን ከጸሐፊው አልነቀለም። «የዚህስ ላብ አቧራ አይደለም። ወንድሜ፣ ቤትህ ደኅና ነው?»

ጸሐፊው ግንባሩን በመሐረቡ ጠረገ።

«እኔ ጎረቤቱ አይደለሁም እንዴ?» አሉ አዋላጇ። «ዛሬ ጠዋት እህቱ ልብስ ስታሰጣ በአጥር ተሰላምተናል። ልጁን ተወው!»

እህቱ ከዓርብ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። ጸሐፊው ሴትዮዋ ሁሉን እንደሚያውቁ፣ አውቀውም ሊቃወማቸው ለሚችል ሰው እንደዋሹለት ገባው፤ ቀና ብሎ ሊያያቸው ግን አልደፈረም።

«ጋሼ ዳኛ፣» አለ እየተንተባተበ፣ «መዝገቡ ይሰጥ። ግን ስም የሚገባው ሕመሙ ሲያበቃ ይሁን፤ ሲድን ወይም ሲሞት። እስከዚያ እያንዳንዱ የሚሄድበትን ቤት በልቡ ይያዝ።»

«ሹሙ የነቃ ዕለትስ ማን ይታሰራል?» አሉ አዋላጇ።

«የጻፈው ነዋ» አሉ ዳኛው ቀስ ብለው።

«እሺ» አለ ጸሐፊው፤ ሁለተኛ እንዲደግመው ግድ ሆነ፤ አልተሰማም ነበር።

ግንበኛው ወደ ጠረጴዛው መጥቶ መዝገቡን ገለጠ። የዚህ ሳምንት ገጽ አራት ቤቶች ተጽፈውበታል፤ ገጾቹም በሹሙ ማኅተም የተቆጠሩ ናቸውና አይቀደዱም። «እነዚህስ?» አለ። «እንግዲያው እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት መዝገቡ ከዚህ አይውጣ። የደረስኩላቸውን አሸሻለሁ። በዚህ ከተስማማችሁ ደረጃውን ትቼዋለሁ።»

ተስማሙ፤ ደስ ያለው ግን አልነበረም። ጸሐፊው ዘጠነኛውን አንቀጽ ሲጽፍ፣ እውነተኛ ጸሐፊ ቢሆን ኖሮ ገጹ ላይ አምስት ቤቶች ይኖሩ እንደነበር ያስብ ነበር።

ግንበኛው ሁለቱን በጀርባው አዝሎ በጓሮ አወጣ፤ ወደ ሁለቱ ግን ጋሪው ቀድሞት ደረሰ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የእርሱም ስም በመዝገቡ ገባ፤ ሞተ ተብሎ። ያዘላቸው ሰዎች በሽታውን አስይዘውት ይሁን ወይስ የዚያ ፎቅ አየር፣ ጸሐፊው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሊያውቅ አልቻለም፤ እንዲነግረውም ማንንም አልጠየቀም። እህቱ በታመመች በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተነሣች፤ ያን ጊዜ ጻፋት፤ ዳነች ብሎ።

ዓመታት አልፈው የከተማው ታሪክ ሲጻፍ፣ ወረርሽኙን የገታው የአገረ ገዥው ቆራጥ ትእዛዝ እንደሆነ ተመዘገበ፤ ስለ ማኅበሩ የተጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ እርሱም ጸሐፊው መዝገቡን በወቅቱ የማይሞላ ቸልተኛ እንደነበር ይናገራል። ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ የገባው ስም ሁሉ ዳነ ወይም ሞተ ተብሎ ያልቃል። በዚያች ሳምንት ገጽ ያሉት አራት መስመሮች ግን ፍጻሜ የላቸውም፤ በጋሪው የተወሰዱትን የሁለቱን የሚያውቅ አልነበረም፤ ግንበኛው ያሸሻቸውን የሁለቱን ያወቀውም ሊጽፈው አልደፈረም። መዝገቡን ያገላበጡት ሊቃውንት ይህንንም ከቸልተኝነቱ ቆጠሩት።