ማሽኑን የያዘው እጅ

ቪኒሉ ማበጥ ሲጀምር ሱሃይላ አላየችውም። ፊቷን ወደ ሽኩር ስልክ አዙራ ነበር።

«ፈገግ በይ እንጂ! ‘የአዳማዋ መካኒክ’ ብዬ ነው የምለቀው» አለ ሽኩር ስልኩን ከፍ አድርጎ። የአጎቷ ልጅ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ከእሷ በአንድ ዓመት ይበልጣል።

ፈገግ አለች። ያኔ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ዘወር ስትል ሙቅ አየር የሚተፋው ማሽን በእጇ እንደተደገነ ነው። በአሮጌው ላንድክሩዘር የኋላ በር ላይ የተለጠፈው ጥቁር የፕላስቲክ ልባስ፣ ቪኒሉ፣ ውሃ እንደቋጠረ ቆዳ ተነፍቷል። ማሽኑን አጠፋችው። እብጠቱ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ሰረጎደና መዳፍ የሚያክል፣ የተጨማደደ ጠባሳ ሆኖ ቀረ።

መኪናው የአቶ ፈቃዱ ነው። ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው፤ ከመቂ እስከ ሻሸመኔ ያለውን ሜዳ ሠላሳ ዓመት ሲለኩ የኖሩት በዚሁ መኪና ነው። ሞተሩ ዛሬም ጤነኛ ነው። በጎኑ ከፊት ጎማው በላይ ካለው ፓራፋንጎ እስከ ኋላ በር የተለጠፈው ቪኒል ግን በፀሐይ ብዛት ግራጫ ሆኖ፣ ተኮማትሮ፣ ጫፍ ጫፉ ተላቆ ነበር። አዲስ አይገኝለትም። የሱሃይላ አባት ካሚል አዲስ አበባ ድረስ አስፈልጎ አጥቷል። ስለዚህ ያለውን ማዳን ነበረባቸው፤ በሳሙና አጥቦ፣ በሙቅ አየር አለስልሶ፣ በማስቲሽ መልሶ ለጥፎ፣ በመጨረሻ ጥቁር ቀለም መቀባት። አቶ ፈቃዱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥተው ይወስዱታል።

ይህን ሥራ በደንብ የሚያውቁት ጋሽ ዱጋሳ ናቸው። ካሚል ራሱ ሙያውን የተማረው ከእሳቸው ነው። ለሱሃይላም ማሽኑን አንድ ስንዝር አርቃ መያዝ፣ እጇንም አንድ ቦታ አለማቆም አስተምረዋታል። ያን ሁሉ ጊዜ ግን አጠገቧ ቆመው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዥ እንድትውል አባቷ የፈቀደላት ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ ሲሆን፣ «እኔ ወይም ዱጋሳ በሌለንበት ማሽን የነካሽ ቀን ያበቃል» ብሏታል። ዛሬ አባቷ ሞጆ ሄዷል። ጋሽ ዱጋሳም ምሳ ሊበሉ ወጥተዋል።

«ጉዴ ፈላ» አለች።

ሽኩር ጎንበስ ብሎ ጠባሳውን አየና ስልኩን ነካ ነካ አደረገ። «ይኸው፣ ቪዲዮውን አጥፍቼዋለሁ። ማሽኑን የሽማግሌው ወንበር ላይ መልሺው። እኛ ምንም አላየንም።»

«ጋሽ ዱጋሳ ቢጠየቁስ?»

«እጃቸው እንደሚንቀጠቀጥ ማን የማያውቅ አለ? ባለፈው ቀለሙን መሬት ላይ ደፍተውት የለ? አቦ አታካብጂ!»

ሱሃይላ ማሽኑን ወንበሩ ላይ መለሰችው። ገና ትኩስ ነበር።

አባቷና ጋሽ ዱጋሳ ተከታትለው ገቡ። ካሚል የያዘውን ካርቶን ሳያስቀምጥ የኋላው በር ፊት ቆመ። ካርቶኑን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረና ጠባሳውን በጣቱ ዳሰሰው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። ሱሃይላ ዓይኗን ወንበሩ ላይ ወዳለው ማሽን ጣለች።

«እኔ እንጃ አጎቴ» አለ ሽኩር። «ከምሳ በፊት በዚያ በኩል ሲሠሩ የነበሩት ጋሽ ዱጋሳ መሰሉኝ።»

ካሚል ወደ ሽማግሌው ዞረ። «እርስዎ ነዎት?»

ጋሽ ዱጋሳ መነጽራቸውን አውልቀው በቱታቸው ጠረጉና መልሰው አደረጉት። ቪኒሉን አዩ፣ ወንበሩ ላይ ያለውን ማሽን አዩ፣ ከዚያም ቀኝ እጃቸውን።

«ከምሳ በፊት የፊተኛው በር ላይ ነበርኩ... የኋላውን የነካሁት አይመስለኝም» አሉ። «ግን ማን ያውቃል። እጄ እንደ ድሮው አይደለም። ሳላየው ይሆናል።»

ካሚል ቢቆጣ ይሻል ነበር። አልተቆጣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲህ ቢያርፉ ይሻላል ጋሼ» አላቸው። «እኔም ከቀለሙ ቀን ጀምሮ ሳስበው ነበር። ስንት ዓመት ለፉ፤ ከእንግዲህ ቤትዎ ይረፉ።»

«እሺ ልጄ» አሉና ወደ ውሃው ቧንቧ ሄዱ።

ሽኩር ወደ ሱሃይላ ጠጋ ብሎ «አየሽ? ጭራሽ አልተቆጣም» ሲል አንሾካሾከ። «እሳቸውም ያርፋሉ። ፋራ አትሁኚ፣ ዝም በይ።»

የሱሃይላ እግሮች ግን ጋሽ ዱጋሳን ተከትለው ሄዱ። ሽማግሌው እጃቸውን ታጥበው ጨርሰዋል፤ ውሃው ግን አሁንም ይፈሳል። የቱታቸውን አንድ እጅጌ አውልቀዋል።

«ኢንታላ ኮ» አሏት፤ እንደ ወትሮው፣ ‘ልጄ’ ማለታቸው ነው። «ጠዋት አብረሽኝ ነበርሽ። የኋላው በር ላይ ስሠራ አይተሽኛል?»

ሱሃይላ የሚፈሰውን ውሃ ተመለከተች።

«እኔ ምንም ትዝ አይለኝም። ሰው እጁ ቢከዳው ይለምደዋል። ልቡ መርሳት ከጀመረ ግን...» ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ቧንቧውን ዘጉት። «እውነቱን ንገሪኝ። እየረሳሁ ከሆነ ለባለቤቴም ልነግራት ይገባል።»

ይህን አልጠበቀችም። ሥራቸውን ብቻ የወሰደችባቸው መስሏት ነበር።

«አልሠሩም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«የኋላውን በር አልነኩትም። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ምሳ ሲሄዱ ነው... ፊቴን አዞርኩና ማሽኑ አንድ ቦታ ቆመ። ወንበርዎ ላይ የመለስኩትም እኔ ነኝ።»

ጋሽ ዱጋሳ ከቧንቧው አጠገብ ባለው ጎማ ላይ ተቀመጡ። በረጅሙ ተነፈሱ። ይምሩኛል ብላ ፊታቸውን አየች፤ ፊታቸው ግን ጠቁሯል።

«እዚያ ቆመሽ ስትሰሚ ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«ለእኔ ብቻ መንገርሽ አይበቃም። ያባረረኝ ግን እዚያ ነው ያለው።» በአገጫቸው ወደ መኪናው አመለከቱ። እጅጌያቸውን መልሰው አልለበሱም።

ከቧንቧው እስከ ላንድክሩዘሩ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሽኩር ከሩቅ ራሱን በ‘አይሆንም’ ነቀነቀባት። አባቷ ጎንበስ ብሎ የተጨማደደውን ቪኒል በጥፍሩ ሊያላቅቅ ይሞክራል።

«አባዬ፣ ቪኒሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ዱጋሳ በሌሉበት ማሽኑን አነሳሁ።»

ካሚል ቀና አለ። እሷን አየ፣ ሽኩርን አየ፣ እንደገና እሷን። «ብቻሽን ነበርሽ?»

«ማሽኑን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች።

ሽኩር ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ካሚል ሱሃይላን አልፎ ወደ ቧንቧው ሄደ። ጋሽ ዱጋሳ ፊት ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ነካ። የሚባባሉት አይሰማም። ከቆይታ በኋላ ሽማግሌው ተነሱ፤ ካሚልም ቱታውን ያዘላቸውና እሳቸው እጃቸውን ወደ እጅጌው መለሱ። ሱሃይላን ግን አንዳቸውም አላዩዋትም።

አባቷ ተመልሶ ሲመጣ ድምፁ ደርቋል። «ቅዳሜሽ አብቅቷል። ነግሬሽ ነበር።»

«አዎ ነግረኸኛል።»

ከውጭ የብረቱ በር ተንኳኳ። «ካሚል! ደረሰልኝ?» የሚል ደስ ያለው ድምፅ ተሰማ። አቶ ፈቃዱ ናቸው።

ካሚል ዓይኑን ጨፍኖ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ወደ ቤት ሂጂ። እኔ አነጋግራቸዋለሁ።»

ሱሃይላ ቦርሳዋን አላነሳችም። እጇ ላይ የቀረውን ማስቲሽ በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ብረቱ በር ሄደችና መቀርቀሪያውን ሳበችው።

«ይግቡ ጋሼ» አለች። «መኪናውን ከማየትዎ በፊት እኔ የምነግርዎ ነገር አለ።»