ሁሉም የሚያውቀው ጥያቄ

ጥላ ወጊ ነው፣ ዛር ነው የሚሉትን ነገር አንድም ቀን አምኜ አላውቅም፣ ከአራተኛ ክፍል ባልዘልቅም ያየሁትን ካለምኩት እለያለሁ፣ ይህን ይዛችሁ ስሙኝ።

ልጄ ሐያት ለትምህርት ቤት የጥያቄና መልስ ውድድር ጥያቄ እንድታወጣ ተመረጠች፣ ያን ጊዜ ኢንተርኔት ለመካነ ሰላም አዲስ ነበር፣ ብቻዋን መላኩ አላስችለኝ ብሎ የጎረቤታችን ልጅ ጀማል ኢንተርኔት ቤት አብሬያት ሄድኩ። ጥያቄው ኮምፒውተሩ ላይ ሲጻፍ ይህን ያህል ውጤት ተገኘ የሚል ቁጥር ይወጣል፣ ቁጥሩ ከበዛ ብዙ ሰው የሚያውቀው ቀላል ጥያቄ ነው፣ ካነሰ ከባድ ነው ብላ አስረዳችኝ። አባይ ከየት ይነሳል ብትል ቁጥሩ ረዘመ፣ የደጎሎ ገበያ መቼ ይውላል ብትል ጥቂት ብቻ ወጣ፣ ጀማልም ደጎሎን ማን ያውቃታል ብሎ ሳቀ።

የእኔ ልብ ሌላ ጋ ነበር። የበኩር ልጄ ሰይድ በባሕር ወደ ሳዑዲ ከሄደ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም፣ ሳላስበው፣ «እስቲ ወንድምሽን ጠይቂልኝ» አልኳት። ሐያት እጇን ከኪቦርዱ አነሳች፣ ጀማል ግን ለጨዋታ ብሎ ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበና የሰይድን ስም ከነአያቱ፣ ከነሰፈሩ ጽፎ፣ የት ነው ብሎ ጠየቀ።

ወላሂ አልዋሻችሁም፣ ቁጥሩ ከአባይ በለጠ። አንዱን ቢከፍተው ባዶ ነጭ ገጽ፣ ሌላውን ቢከፍተው ባዶ፣ ተመልሶ ሲያየው ቁጥሩ ጨምሯል፣ ወሬ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ የሚሄድ ይመስል። ከኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ ውሃ የሚንሿሿ የመሰለ ድምፅ መጣ፣ ሐያት ማራገቢያው ነው አለችኝ፣ እጇ ግን ቀሚሴን ጨብጧል።

«እትዬ ዘሀራ፣ ይሄማ ቀላል ጥያቄ ነው» አለ ጀማል እየሳቀ፣ «ከእርስዎ በቀር የማያውቀው የለም ማለት ነው።»

ሳቁ ግማሽ ላይ ቀረ፣ የተናገረውን የሰማው ከተናገረው በኋላ መሰለኝ። እኛ አገር መርዶ መጀመሪያ አገሩ ሁሉ ይሰማዋል፣ እናት መጨረሻ ናት፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጎሕ ሲቀድ በሯን ያንኳኳሉ።

ከዚያ ወዲህ፣ እመኑኝ፣ ጎሕ ሲቀድ የብዙ ሰው ኮቴ ደጃፌ ድረስ ይመጣል፣ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሌላው «አንተ ቅደም» ይላል፣ ከዚያ ጸጥ። ማንም አያንኳኳም። ብወጣ ሰው የለም፣ ጭቃው ላይ ዱካ የለም። ሐያትን ስጠይቃት ምንም አልሰማሁም ትለኛለች፣ ስትለኝ ግን ዓይን ዓይኔን አታየኝም።