ዝምልታ የኔ ቃል ነው!

ጠበቃውን መጀመሪያ ያየሁት ልጮህበት ገብቼ ነው።

በየሳምንቱ ክፍል በክፍል የምለቀው ልብ ወለድ አለኝ። እዚያ ውስጥ አንድ ቃል ፈጠርኩ፦ ዝምልታ። ሁለት ሰዎች ተጣልተው፣ ተኮራርፈው፣ ግን ማንም ቀድሞ ተነስቶ መሄድ ሳይፈልግ ጎን ለጎን ሲቀመጡ... ያ ነው ዝምልታ። እናትና አባቴ እንደዚያ ነበሩ። ስም አልነበረውም፤ እኔ አወጣሁለት። ታዲያ አንዷ ደራሲ ነኝ ባይ አንስታ በራሷ ታሪክ ውስጥ አትከተው መሰላችሁ! ደሜ ፈላ።

«ልከሳት ነው!» አልኩ ገና ከበሩ።

«መጀመሪያ ይቀመጡ» አለኝ። የሸሚዙን ቁልፎች አዛብቶ ቆልፏቸዋል። ዓይኑ ግን... ተዉኝ እስቲ!

«ታሪክዎን ገልብጣለች?»

«ቃሌን ነው የወሰደችው!»

«ሕጉ ታሪክዎን፣ የጻፉበትን መንገድ ይጠብቅልዎታል። አንድ ቃል ብቻውን ግን የማንም አይደለም።»

«አምጬ የወለድኩት?»

«ቢወልዱትም።»

ተናድጄ ልወጣ ስል፣ «ይቅርታ... ባለፈው ክፍል ልጁን ለምን እንደዚያ አስለቀሱት?» አለኝ፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ለካ አንባቢዬ ነው! ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ።

ከዚያ ሻይ ጠጣን፤ ከሻይ በኋላ ሌላ ሻይ። «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ሆነ። ያልለቀቅኩትን ክፍል ሁሉ ቀድሜ ለሱ ማንበብ ጀመርኩ። እኔ! ለገዛ እህቴ እንኳን የማላነብ! የእናትና የአባቴን ነገርም የነገርኩት ለሱ ብቻ ነው። እንደሱ ያመንኩት ሰው የለም።

አንድ ቀን ከእህቴ ጸጉር ቤት ስወጣ፣ ፊት ለፊት አዲስ የተከፈተ ሱቅ በር ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፦ ዝምልታ ሶፋ።

«ስሙን ከየት አመጡት?» አልኩት ባለቤቱን።

«ወንድሜ ጠበቃ ነው፤ ቤት ውስጥ ሲለው ነው የሚውለው። ወደድኩትና በንግድ ምልክትነት አስመዘገብኩት!» አለኝ ኮራ ብሎ።

ሌላ ማን ይሆናል? የኔው ጠበቃ ነው! በቀጥታ ወደ ቢሮው ሮጥኩ።

«ለዚህ ነው የማንም አይደለም ያልከኝ? ለወንድምህ ልትሰጠው?»

«ወንድሜ ደግሞ ምን አደረገ? ቆይ፣ ምን ሆነሻል?»

«ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ!»

አልሰማሁትም፤ ጥዬው ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ። ለማን ላንብበው? ቃሉ ቢወሰድ ይወሰድ፤ እሱን ማጣት ግን አንጀቴን ቆረጠው።

ሳምንት ሳይሞላ እህቴ ደወለች። «ነይ ቶሎ! ጠበቃሽ ከነሱፉ መሰላል ላይ ወጥቷል!»

እየሮጥኩ ሄድኩ። እውነትም ማስታወቂያውን እየፈታ ነው። ወንድሙ ከታች መሰላሉን ይዞ ይጮሃል።

«ሕጋዊ ነው እኮ! ብትከሰኝ እረታሃለሁ!»

«ትረታኛለህ» አለ ከላይ። «በሕግ ለሶፋህ ያንተ ነው። እሷ ግን ስም ያወጣችው ለእናትና ለአባቷ ዝምታ ነው። እኔ ነኝ ጥፋተኛው፤ ስለሷ ማውራት አልሰለቸኝ ብሎ ቃሏን ቤት ይዤ የገባሁት። ሳትጠየቅ አይሰቀልም!»

እንባዬ መጣ። «ውረድ! ሰው ይስቅብሃል!»

«ይሳቅ።»

ወንድሙ ወደኔ ዞረ። «እህቴ፣ በእውነት አላወቅኩም። ሰው የፈጠረው አልመሰለኝም፤ ድሮም የነበረ ቃል ነው የመሰለኝ።»

ለደራሲ ከዚህ በላይ ምን ምስጋና አለ?

«እንግዲህ አሁን ልጠይቅሽ። ትፈቅጂልኛለሽ?» አለኝ ወንድሙ።

«ፈቅጃለሁ» አልኩት። «ሶፋው ግን ለሁለት ሰው የሚበቃ ይሁን!»

ጠበቃው ቀስ ብሎ ወረደ። ሱፉ አቧራ ለብሷል።

«እኔም የምጠይቀው ፈቃድ አለ» አለኝ አቧራውን እያራገፈ። «ሕጉ ድርሰትን የሚጠብቀው ደራሲው በሕይወት እስካለ ነው። ከሞተ በኋላም ሃምሳ ዓመት ይጨምርለታል። እኔም እንደዚያ አድርጌ ልጠብቅሽ... ታገቢኛለሽ?»

«ሃምሳውን ተወው» አልኩት እንባዬን እየጠረግኩ። «በሕይወት እያለን አትልቀቀኝ እንጂ።»

ደረቱ ላይ ወደቅኩ፤ አጥብቆ አቀፈኝ። እህቴ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ከበሯ ላይ፣ «አንቺ፣ እሺ በይው እንጂ!» ብላ ጮኸች።

«እሺ ብዬዋለሁ እኮ! አታዪም እንዴ?»